ወጌሻም ራጅም ያላዩት ጅማት

አጎቴ የወደቁት ኅዳር ላይ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ነዶው ወደ ክምር በሚሰበሰብበት ሰሞን። የወሎው አምባሰል ማሳ ደረጃ በደረጃ ነው። ከእርከን እርከን እየዘለሉ መውረድ ከእረኝነት ጀምሮ የተለመደ ስለሆነ ማንም እግሩን አያይም። ነዶ ተሸክመው ሲወርዱ የእርከኑ ጠርዝ ድንጋይ ተንከባለለ፤ እሳቸውም ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መሬቱን ተመረኮዙ። ነዶው ተበተነ። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና "አብሽሩ፣ ምንም አልሆንኩም" ብለው የቀረውን ነዶ በግራ ትከሻቸው አመላልሰው ጨረሱ።

ማታ ለሶላት ቆሙ። ለተክቢራ ሁለቱ እጆች ወደ ጆሮ ሲነሡ ግራው ደረሰ፤ ቀኙ ደረታቸው ላይ ቀረ።

"እጄ አልሰማ አለኝ" አሉ።

ይህች አባባል ምን ያህል ትክክል እንደሆነች የገባኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። አመመኝ አላሉም፤ ደረቀብኝም አላሉም። አልሰማ አለኝ ነው ያሉት። አንድ የትከሻ ሐኪም ረጅም ምርመራ አድርጎ የሚደርስበትን እሳቸው ሰጋጃቸው ላይ ቆመው ጨርሰውት ነበር። የሰማቸው ግን አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ወጌሻው በማግስቱ መጡ። በአካባቢው የተመሰገኑ፣ የስንቱን ልጅ ክንድ የመለሱ ሰው ናቸው። የወጌሻ ሙያ ሦስት ቃል አለው፦ ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት። መጀመሪያ ወለምታ ነው ተባለና በለጋ ቅቤ ታሸ። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ እጁ አሁንም አልሰማም። በሦስተኛው ሳምንት "ውልቃት ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ ተሳበ። በሕይወቴ አጎቴ ሲጮኹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወደ አንድ ጤና ተቋም ሄደው ራጅ ተነሡ። ውጤቱ መልካም ዜና ነበር፤ አጥንትዎ ደህና ነው፣ ስብራትም ውልቃትም የለም፣ ይህን ማስታገሻ፣ ዳይክሎፌናክ፣ ይዋጡ። ሁላችንም ተመስገን አልን። ማታ ግን በቀኝ ጎናቸው መተኛት አልቻሉም፤ ሌሊቱን መደብ ላይ ተቀምጠው አነጉ።

ወጌሻው ሦስት ቃል ነበራቸው፤ ራጁ ደግሞ አጥንት ብቻ ነው የሚያየው። የአጎቴ ሕመም ከሁለቱም አመለጠ። አምባሰል ውስጥ ስለ ቃል መጉደል ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ የወረዳው ከተማ ውጫሌ ናት። በ1881 ዓ.ም. በስሟ የተጠራው ውል 17ኛው አንቀጹ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ ሆኖ አገሩን አድዋ ድረስ አድርሶታል።

የጎደለው ስም የጅማት ነው። ጀበና በማቶቷ ላይ ተቀምጣ አስቡ። የላይኛው ክንድ አጥንት ራስ እንደ ጀበና ሆድ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ማቶት ጠባብና ጥልቀት የሌለው ነው። ዳሌ እንዲህ አይደለም፤ የጭን አጥንት ራስ ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ዘነዘና ጠልቆ ተቀምጧል። ትከሻ ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን እንደ ልቡ የሚዞረው ስላልተያዘ ነው። ያልተያዘ ነገር ደግሞ ያዥ ይፈልጋል።

ያዦቹ አራት ጡንቻዎች ናቸው። ከጀርባ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ይነሡና ጫፋቸው ወደ ጅማት ተለውጦ የክንዱን ራስ ከላይ፣ ከፊትና ከኋላ አቅፎ ይይዛል። ሐኪሞች ሮቴተር ከፍ ይሉታል፤ የሸሚዝ እጅጌ ጠርዝ አንጓን እንደሚከብ ጅማቶቹም የአጥንቱን ራስ ስለሚከቡ። የላይኛው ጡንቻ ክንድን ከጎን ማንሣት ያስጀምራል። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ክንድን ወደ ውጭ ያዞራሉ፤ ጋቢ ወደ ትከሻ ሲወረወር ሥራው የእነሱ ነው። የፊተኛው ወደ ውስጥ ያዞራል፤ እጅ ወደ ጀርባ ሄዶ መቀነት የሚያስተካክለው በእሱ ነው። ከአራቱ ቶሎ የሚቀደደው የላይኛው ነው። መንገዱ በአጥንት ጣሪያ ሥር ያልፋል፤ አጥንቱ ላይ የሚጣበቅበት ጫፉም ደም እንደ ልብ አያገኝም።

ለአጎቴ ያስረዳኋቸው በምራን ነው። ሞፈርና ቀንበሩን የሚያስረው ጠፍር አንድ ቀን ድንገት ይበጠሳል፤ ግን የተበላው ያን ቀን አይደለም። ዓመት ሙሉ ፀሐይ አድርቆታል፣ ዝናብ አበስብሶታል፣ ጠርዙ ተፍቋል። የመጨረሻዋ ትልም ሰበብ ብቻ ናት። "ታዲያ የኔ ምራን ስንት ዓመቱ ነው?" አሉኝ። ስልሳን አልፈዋል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት አንድ ትከሻቸውን አሟቸው የመጡ 588 ሰዎችን ሁለቱንም ትከሻ በአልትራሳውንድ ፈትሾ ነበር። ጅማታቸው ያልተቀደደው አማካይ ዕድሜ ወደ 49፣ በአንድ በኩል የተቀደደው ወደ 59፣ በሁለቱም በኩል የተቀደደው ወደ 68 ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ አረጋውያን የተቀደደ ጅማት ይዘው ምንም ሳያማቸው ይኖራሉ። ይህን አትርሱ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ምራኑ የሚፈተግበት ሥራ ግን ከአገር አገር ይለያያል። የኛ አገር ገበሬ አንድ እጁ እርፍ ላይ፣ አንድ እጁ ጅራፍ ላይ ነው። እርፍ የያዘው ክንድ ወደ ታች ይጫናል፤ ከወገብ አይርቅም። ጅራፍ የያዘው ግን ሌላ ነው። ክንዱ ከራስ በላይ ይነሣል፣ ወደ ኋላ ይዞራል፣ ከዚያ በኃይል ይወነጨፋል። ጅራፍ ማጮህ የጦር ውርወራ ታናሽ ወንድም ነው። የተወነጨፈውን ክንድ ከመነቀል የሚያስቀሩት ደግሞ እነዚያ ቀጫጭን ጡንቻዎች ናቸው። ጦር ወርዋሪ አሠልጣኝ አለው፣ የዕረፍት ቀን አለው። ለጤፍ መሬት ደጋግሞ የሚያርስ ገበሬ ከጠዋት እስከ በሬ መፍቻ ይወነጭፋል፤ ሙያው ከተቆጠረም የሚቆጠረው በጥማድ ነው።

ወደ ሐይቅ ወረድ ብትሉ መልኩ ይለወጣል። ዓሣ አጥማጁ ታንኳው ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል፣ እርጥብ መረብ ይጎትታል፤ ሁለቱም ከትከሻ ነው። ሴቶቹ ጄሪካንና ማገዶ ያዝላሉ። ሴት ግን ስለ ትከሻዋ ቶሎ አትናገርም፤ የልጇን ሹሩባ ስትሠራ እጇ መሀል መንገድ ላይ ሲወርድባት ነው የምታውቀው፤ ያኔም "ደከመኝ" ብላ ታልፈዋለች። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም ዳገቱን ከሚወጡት አረጋውያን ዳጥ ያንሸራተተው ሰውም እንደ አጎቴ እጁን ዘርግቶ ነው የሚወድቀው። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ በምርኩዝ የሚሄዱትን ደግሞ አልረሳኋቸውም። ምርኩዝ ላይ የዋለ ሰው ትከሻው ሁለተኛ ዳሌ ይሆንበታል፤ ለዚያ ደግሞ አልተፈጠረም።

እንግዲህ በቤት ውስጥ እንዴት ይለያል? አጎቴን በመጨረሻ ደሴ ያየናቸው የአጥንት ሐኪም ያደረጉት ነገር ማንም አይቶ ሊማረው የሚችል ነው። የአጎቴን ቀኝ ክንድ ሐኪሙ ራሳቸው ይዘው ቀስ ብለው ወደ ላይ አነሡት። እስከ ጆሮ ደረሰ! እኛ በአድናቆት ተያየን። "አሁን እርስዎ ይያዙት" ብለው ለቀቁት፤ ክንዱ እንደተቆረጠ ቅርንጫፍ ወደቀ። ሌላ ሰው ሲያነሣው የሚወጣ፣ ባለቤቱ ሲያነሣው የማይወጣ ክንድ ጅማቱ ያጠራጥራል። ሌላ ሰውም ቢያነሣው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ መገጣጠሚያው ደርቋል ማለት ነው፤ የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች የሚበዛው ይሄኛው ሲሆን ሕክምናውም ሌላ ነው። ሌሊት የሚብስ፣ በዚያ ጎን የማያስተኛ፣ ክንዱ ከወገብ ወደ ጆሮ ሲወጣ መሀሉ ላይ የሚወጋ ሕመምም ምልክት ነው። አልትራሳውንድ ሙሉ በሙሉ የተቀደደን ጅማት በሠለጠነ ሰው እጅ እንደ ኤምአርአይ ያህል ያሳያል፤ ስለዚህ ኤምአርአይ የለም ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም።

ሐኪሙ የጠየቁት ዋና ጥያቄ ግን "መቼ ወደቁ?" የሚል ነበር። ኅዳር አልናቸው። ያኔ ግንቦት ነበር። ዝም አሉ።

የተቀደደ ጅማት ሁለት ዓይነት ታሪክ አለው። አንደኛው በዕድሜ ቀስ እያለ የተበላው ነው፤ ይህ ጊዜ ይሰጣል። በአሜሪካ እንዲህ ያለ ቅድ የነበረባቸው 452 ሰዎች በመጀመሪያ ፊዚዮቴራፒ ተሰጥቷቸው ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው ወደ ቀዶ ሕክምና የሄዱት ከአራቱ አንዱ አይሞሉም ነበር። ጅማቱ አልተሰፋም፤ ሌሎቹ ጡንቻዎች ሥራውን ተከፋፈሉት እንጂ። ሁለተኛው ትናንት ጤነኛ የነበረ ክንድ ባለቤቱ ወድቆ ዛሬ አልነሣ ሲል ነው። ይሄኛው ጊዜ አይሰጥም። ከአጥንቱ የተላቀቀ ጅማት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ሥራ ያጣው ጡንቻም ይሟሽሽና በስብ ይተካል፤ ስብ የሆነ ጡንቻ ደግሞ ተመልሶ ጡንቻ አይሆንም። ለዚህ ነው በአደጋ የተቀደደ በወራት ሳይሆን በሳምንታት መታየት ያለበት፤ ከሦስት ወር ካለፈ መስፋቱ እየከበደ ይሄዳል። እኛ ስድስቱን ወር በሦስት ቃላትና በአንድ ራጅ ጨረስነው።

ወጌሻውን የሚወቅስ አለ፤ እኔ አልችልም። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የተገኙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ጥናት እንደሚያሳየው ለወጌሾች የአንድ ቀን ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በጥብቅ እስር ምክንያት የሚመጣው የእጅና የእግር መቆረጥ ቀንሷል። አንድ ቀን! በዚያች ቀን ላይ አራተኛ ቃል መጨመር፣ "አርባን ያለፈ ሰው ወድቆ ክንዱ አልሰማ ካለው አትሳቡት፣ ላኩት" ማለት ምን ያህል ያስከፍላል?

መላኩም ቢሆን መንገድ አለው። ከጤና ጣቢያ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ የተዘረፈ ነው፤ እንደገና መሣሪያ አሟልቶ መቆም ስንት ድካም እንደሚጠይቅ ለወሎ ሰው አይነገርም። በካሜራ የሚሠራው የትከሻ ቀዶ ሕክምና አሁንም ከዋና ከተማዋ ብዙም አልራቀም። ይሁን እንጂ ካሜራው ይህን ያህል ሊያስጨንቀን አይገባም። በብሪታንያ 273 ሕሙማን በካሜራና በክፍት ቀዶ ሕክምና በዕጣ ተከፍለው ሁለት ዓመት ሲታዩ የትከሻቸው ሁኔታ ልዩነት አላሳየም። እጁ የተካነ ሐኪም በትንሽ ቅድ ከፍቶ ቢሠራውም ያው ነው።

ሥራው በራሱ ለመረዳት አይከብድም። አጥንቱ ላይ ጅማቱ የተላቀቀበት ቦታ ይጠረጋል፤ ክር የተያያዘባቸው ትንንሽ ብሎኖች አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ፤ የሸሸው ጅማት ተጎትቶ መጥቶ በክሮቹ ይታሰራል። አንድ ሁለት ሰዓት ነው። ክሩ ግን ፈውስ አይደለም፤ ጅማቱ ራሱ ከአጥንቱ ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ያዥ ነው። መጣበቁ ወራት ይፈጃል። የኛ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውን እንደ ትልቁ ነገር ይቆጥረዋል። ትልቁ ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው።

እስኪ በወሎ ወር እንቁጠረው። ጤፉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቶ ጥር አጋማሽ ላይ ተሠራ እንበል። ስድስት ሳምንት፣ ማለትም እስከ የካቲት መጨረሻ፣ ክንዱ በማንጠልጠያ ታስሮ ይቆያል፤ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰው ወይም ጤነኛው እጅ ነው። እስከ ሚያዝያ አጋማሽ በእገዛ ይነሣል፣ ምንም አይሸከምም። ከዚያ ጡንቻ ማጠንከር ይጀመራል። ከባድ ሥራ ስድስት ወር ሲሞላ ነው፤ ይህ ማለት ሐምሌ አጋማሽ። የሰኔ እርሻ አመለጠ። ጅራፍ ምናልባት በዓመቱ። በልግ የሚያርሰው የአምባሰል ደገኛማ የካቲት ላይ ክንዱን አንገቱ ላይ አስሮ በሬዎቹን ቆሞ ያያል።

ስለዚህ ሐኪም ቤት ሲኬድ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ብር ነው?" ሳይሆን "ማን ያርስልኛል?" ነው። ብሩን በተመለከተ አካባቢው ቀድሞ ነቅቷል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የሐይቅ ከተማ ያለችበት ተሁለደሬ አንዷ ነበረች። መድኑ ግን ጥማድ አይከፍልም። ወንፈል ይከፍላል፤ ወንፈል ግን ብድር ነው፣ በጉልበት ይመለሳል፣ አንድ እጅ ያለው ሰው ደግሞ በምን ይመልሳል? መሬቱን ለእኩል አራሽ መስጠት ግማሹን እህል መስጠት ነው። ዕድራችን ቅሬም አለ። ቅሬ ለሞት ይደርሳል፤ ለጅማት አልደረሰም። የእግር ስብራት የገጠመውን ሰው ጎረቤት ተሰብስቦ ያርስለታል፤ ስብራቱ ይታያልና። ትከሻው የተሰፋ ሰው በሁለተኛው ወር ማንጠልጠያውን ሲፈታ ጤነኛ ይመስላል። "ድነሃል እኮ!" ይሉታል። አፍሮ ማረሻ ያነሣል። ብዙው ዳግም መቀደድ የሚመጣው በነዚህ የመጀመሪያ ወራት ነው።

ዳግም መቀደድ ካልኩ ዘንድ አንድ የሚያስገርም ነገር ልናገር። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እጅግ ሰፊ ቅድ የተሰፋላቸው 18 ሰዎች በዓመታቸው በአልትራሳውንድ ሲታዩ የ17ቱ እንደገና ተቀድዶ ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ ሕመማቸው ቀንሶ፣ ክንዳቸው ከበፊቱ በላይ ይነሣ ነበር። ሥዕሉና ሰውየው አይገጥሙም። ለዚህ ነው የቦስተኑ ሐኪም ኧርነስት ኮድማን እድሜ ልኩን የጮኸው። በ1911 እ.ኤ.አ. የተሰፋ የትከሻ ጅማትን ታሪክ ያሳተመ፣ በ1934 ስለ ትከሻ ትልቅ መጽሐፍ በራሱ ወጪ ያወጣ ሰው ነው። ያከማችሁትን ሰው ዓመት ቆይታችሁ እንዴት እንደሆነ ጠይቁት፤ ይህ ነበር ጩኸቱ። የሥራ ባልደረቦቹ ጠሉት።

የኮድማን ስም የሚነሣበት እንቅስቃሴም አጎቴ ቤት ገብቷል። ጎንበስ ብለው በግራ እጃቸው በርጩማ ይደገፋሉ፤ ቀኙ ክንድ ወተት እንደሚናጥበት የተንጠለጠለ ቅል ዝም ብሎ ይወዛወዛል። ቀጥሎ በጀርባቸው ተኝተው ዱላ በሁለት እጅ ይዘው ግራው ቀኙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከቤቱ አግዳሚ ላይ ገመድ ተሰቅሏል፤ አንዱን ጫፍ ግራው ሲስብ ቀኙ ይወጣል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ከብስክሌት ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በምሰሶ ታስሮ ክርናቸውን ከጎናቸው ሳያርቁ ወደ ውጭ ይስቡት ጀመር። የልጅ ልጆቻቸው ያስቆጥሯቸዋል፤ ያጭበረበሩ እንደሆነም ያጋልጧቸዋል። መቼም ፊዚዮቴራፒ ትልቅ መሣሪያ ይፈልጋል ብላችሁ ከሆነ አይፈልግም፤ የሚፈልገው በየቀኑ መደጋገምን ነው። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሣ አንድ የመገጣጠሚያ መርፌ ይረዳል፤ መርፌውን መደጋገም ግን ጅማቱን ያሳሳዋል። ዳይክሎፌናክንም ለወራት መዋጥ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

አጎቴ አልተሰፉም። ሐኪሙ አልከለከሉም፤ ጡንቻው መሳሳት ጀምሯል፣ ቢሰፋ የመያዝ ዕድሉ ቀንሷል፣ ሦስት ወር በእንቅስቃሴ እንይ አሉ። እኔ አዲስ አበባ እንሂድ ብዬ ነበር። "አንቱ ካልሄዱ ይጸጽተኛል" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሰኔ ነው" አሉኝ።

ኅዳር ላይ ብንደርስ ኖሮ መልሳቸው ሌላ ይሆን ነበር፤ ምክሬም ሌላ። ሌሊት ግን ይተኛሉ። ለተክቢራ ቀኝ እጃቸው ትከሻቸው ድረስ ይወጣል፤ ጆሯቸው ጋ አይደርስም፣ ኢማሙ ይበቃል ብለዋቸዋል። ዘመናቸውን ሁሉ እርፉን በግራ፣ ጅራፉን በቀኝ የያዙ ሰው ዘንድሮ ቦታ አቀያየሩ። በሬዎቹ ጩኸቱ በሌላ በኩል ሲመጣባቸው ግራ ገብቷቸው ሁለት ቀን አስቸገሩ፤ በሦስተኛው ቀን ለመዱ።